ከእኛ በር እስከ ሊቀመንበሩ በር

ታዴ፣ የልቤ ሰው፣

ለማንም ያልነገርኩትን አስቀድሜ ልንገርህ። ሰፈሩ አንተን ያስያዘችህ እትዬ ዘነበች ናት ብሎ ያምናል። እሷ አይደለችም። ያስያዘህ ከእኔ አፍ የወጣ ቀልድ ነው። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት የዘነበች ልጅ ስለሞተ ነው። ታምራት፣ ያ ከጋራዥ አሮጌ ቸርኬ እያመጣህለት መንገድ ለመንገድ ሲያንከባልል የሚውለው። አድጎ ነበር፤ ቁመቱ አንተን ያህላል። አምና ለብሔራዊ ውትድርና ከፌርማታ ላይ አፍሰው ወሰዱት። ማክሰኞ ማለዳ አብሮት የዘመተ፣ አንድ እጁ ከክርኑ የተቆረጠ ልጅ መጥቶ አረዳት። መድፍ ነው የበላው፣ የሚቀበር ነገር አልተገኘም አላት። ከግቢዋ ወጥታ መንገዱ ላይ ተንከባለለች። ፊቷን በጥፍሯ ቧጠጠች፣ ደረቷን በድንጋይ ደቃች። ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጎርፍ ነበር። ለእሷ ማንም አልሄደም። ከዕድር ካስወጧት ቆይቷል፤ ድንኳን የተከለላት የለም። «የሰው ባል አስበልታ የራሷ ልጅ እንዲኖርላት ነበር?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ይኸው ዛሬ አርብ ነው፤ አሁንም ብቻዋን ታለቅሳለች። ድምፅዋ ተዘግቶ እንደ ታመመ ከብት ማቃሰት ብቻ ነው የቀራት።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። የጓሮዋን ክፍል ቀበሌው ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጥቷታል። ቆርቆሮው ዝጎ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ አዞራለሁ። ጋራዣችሁ የመንግሥት መጋዘን ሆነ። እኔ ደግሞ ማንበብ ተማርኩ ብልህ ታምነኛለህ? በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ በመዳፌ እያቃናሁ፣ ግማሽ ወሬውን ስኳር በልቶት ግማሹን ከራሴ እየሞላሁ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አሁን የተገኘውን ሁሉ አነባለሁ። የሥራ ጓደኛህ ግርማ ከናይሮቢ የጻፈልን ደብዳቤ ግን አንድም አልቀረም፤ አንተን የያዙህ ቀን ወስደውታል። ቢሆንም አንተ እንዳነበብክልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የናይሮቢ ቤታችንን ስንመርጥ የተጣላንበትን ቀን አስበዋለሁ። አለቃህ ሽማግሌው ጣሊያን ጋራዡ ሲወረስበት ናይሮቢ ገብቶ ሌላ ከፈተ፤ ግርማን ቀድሞ ወሰደው፣ ቀጥሎ አንተን ጠራህ። የመውጫ ፈቃዱን ስንት ደጅ ጠንተን አገኘነው። ከዚያ ወዲያ የቀረን ቤት መምረጥ ብቻ ነበር። ግርማ ሁለት ቤት አየልን። አንዱ ጋራዡ ጎን ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የራሱ ባኞ ያለው። ግን ዙሪያው ፋብሪካና የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ጉልት የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለ። ሁለተኛው አንዲት ክፍል ናት። ከበሯ ሲወጡ ገበያ፣ ገበያውን ሲያልፉ ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤቱም እዚያው። ከአንተ ሥራ ግን ሩቅ ነው።

አንተ ሰፊው ይሻለናል አልክ። የመኪና ማንሻው ክሪክ ተንሸራቶ መኪና ያረፈበት ጉልበትህ ረጅም መንገድ እንደማይወድ እኔም አውቃለሁ። እንቢ አልኩህ። ቋንቋ የማላውቅ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ አውቶቡስ ብሳፈር የት እንደምወርድ ማንን ልጠይቅ ነው? አንተ ማታ እስክትመጣ ግድግዳ ሳይ ልውል? «በእግሬ ወጥቼ በእግሬ የማልመለስበት ሰፈር አልኖርም። ከዚያ ይልቅ እዚሁ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅበረኝ» አልኩህ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታኸው። ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ፤ እኔ ደግሞ ስብርባሪውን አንስቼ ወረወርኩብህ። መዳፍህ ተቆረጠ። ደሙን መጠጥክና በሳቅ ፈረስክ። «ተሸነፍኩ አንቺ ነብር! ግን ጉልበቴ ይችለው እንደሆነ መጀመሪያ እዚሁ እንሞክረው» አልከኝ።

ግርማ ከትንሿ ቤት እስከ ጋራዡ ያለውን መንገድ በእግሩ ሄዶ፣ እርምጃውን ቆጥሮ ልኮልን ነበር። አንተም ያንኑ ያህል እርምጃ ከእኛ በር ተነስተህ በሰፈራችን መንገድ ትቆጥራለህ። በመድኃኔዓለም አጥር ሥር፣ በቦኖው አጠገብ፣ በቀበሌው ፊት ለፊት አልፈህ ቁጥሩ የሚያልቀው የቀበሌው ሊቀመንበር በር ላይ ሆነ። ስንት በር ባለበት መንገድ! በየማለዳው ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ትወጣለህ። ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ ትሄዳለህ፤ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመህ ሰዓትህን ታያለህ፣ ጉልበትህን አሸት ታደርጋለህ፣ ትመለሳለህ። በዚያ ዘመን ከሊቀመንበር በር ላይ ቆሞ ሰዓት ማየት እብደት ነበር። እኛ ግን ልባችን ናይሮቢ ገብቷል።

አንዳንድ ቀን አብሬህ ወጣሁ። «እዚህ ጋ ያንቺ ገበያ ነው፤ ቲማቲሙን አትጨምቂ፣ ይቆጡሻል» ትለኛለህ። የልብስ ሰፊውን ደጃፍ ሐኪም ቤት አደረግኸው። ሰውዬው ቀና ሲል «ዶክተር፣ እንደምን አደሩ?» ብለህ አለፍክ፤ እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ስቄ አላውቅም። ያ ሰሞን ደግሞ ቀይ ሽብር ነበር። ሬሳ በተጋደመበት ስናልፍ ዓይኔን በመዳፍህ ትሸፍናለህ፤ ቁጥሩን ግን አታቋርጥም ነበር።

ቀልዱ እንዲህ ነው። ቦኖ ወረፋ ላይ ነበርን። ሌሎቹ ጀሪካናቸውን ተራ አስይዘው ሄደዋል፤ እኔና እትዬ ዘነበች ብቻ ቀርተናል። አንተ በፊታችን አለፍክ። «አንቺ ወርቄ፣ ይሄ ባልሽ ዳዊት እየደገመ ነው ወይስ አንቺን እየረገመ?» አለችኝ። «ምን ይደግማል፣ እርምጃ ላይ ነው እንጂ! ከእኛ በር ተነስቶ እርምጃው የሚያልቀው ሊቀመንበሩ በር ላይ ነው» አልኩ። ሳቀች። ሳቋ ሞቅ አደረገኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ቃሉ ምን እንደሚያስከትል ያጣሁት አይደለም። ሬዲዮው በየቀኑ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» እያለ የሞቱትን ይዘረዝራል፤ ያሳቀንም እሱ ነው። በድንገት ዘነበች ክንዴን በኃይል ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ» አለች፣ ከንፈሯ ሳይላቀቅ። ዞር ስል አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላችን ቆሟል። ጀርባችንን ሰጥተነው ስለነበር ቃሉን ከማናችን አፍ እንደሰማው አልለየም መሰለኝ።

በማግስቱ ምሳ ቀርበን መጡ። በሩን በእርግጫ ገነጠሉት። «ሊቀመንበሩን ለመግደል መንገድ የምትለካው አንተ ነህ? ቦኖ ላይ የተሰማ ነገር ነው!» ብለው ሲጮኹ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አንተ አልገባህም። «እኔ የምለካው የናይሮቢን መንገድ ነው» አልክ፤ ያ አባሰው። በሰደፍ አፍህን መቱህ፣ ጥርስህ ወጡ ላይ ወደቀ። የታመመውን ጉልበትህን ለይተው በጫማቸው ረጋገጡት፤ ሲሰበር ሰማሁት። አንዱ «እስቲ አሁን ተራመድ» አለህ። እኔን በፀጉሬ ይዘው ከግድግዳው አጋጩኝ፤ ቀኝ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ቀልድ ነው» ማለት። አላልኩም። እየጎተቱ ሲያወጡህ ዞረህ አየኸኝ። ዓይንህ ማን ነው የነገራቸው ብሎ ይጠይቅ ነበር። የጠየቅኸው እኔን ነበር።

በሦስተኛው ቀን በአየር ጤና መንገድ ዳር ከሌሎች ጋር ተጥለህ አገኘሁህ። ደረትህ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። አላነብም ነበርና አላፊውን ሁሉ ምን ይላል ብዬ ለመንኩ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ማልቀስ ክልክል ነው። ዘቡ አፈሙዙን ደረቴ ላይ ደግኖ «እልል በይ» አለኝ። አልኩ። ታዴ፣ ሬሳህ ላይ ቆሜ እልል አልኩ።

ሴቶቹ ተደብቀው ሊያጽናኑኝ ሲመጡ «ቦኖው ላይ ማን ነበር?» አሉኝ። «ዘነበች ነበረች» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ነበረች። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የቀረውን እነሱ ሞሉት። ጥበቃዎቹ ጠላ የሚጠጡት እሷ ቤት ነው፤ ከጅማ በኩል የመጣች ናት፣ እዚህ ዘመድ የላትም። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰዎች ግቢዋ ገቡ። ጋኖቿን በፍልጥ አደቀቁት፣ ጠላው እስከ መንገዱ ፈሰሰ። በዚያው ፍልጥ አገጯን መቷት። ታምራት እናቱን ሊሸፍን ሲገባ ግንባሩን ፈነከቱት፤ ጠባሳው ወታደር ሆኖ ሲሄድም ነበረበት። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አየሁ። ዘነበች ደም እየተፋች በሰው መሃል ዓይኗ ከዓይኔ ጋር ገጠመ። ጣቷን ቀስራ «እሷ ናት ያለችው» ብትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞር ነበር። አላለችም። ያን ብትል ቀበሌው እኔንም እንደሚወስደኝ ታውቃለች። ዝም እንዳለች ይኸው ዘጠኝ ዓመት።

ግርማ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ «ነይ፣ ቤቷ እስካሁን አለች» ብሎኝ ነበር። አልሄድኩም። በእግሬ የምወጣበት ሰፈር ካልሆነ ብዬ አንተን ያስጨነቅሁ ሴት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዘነበች በር አልፌ አላውቅም። ገበያ ስሄድ በወንዙ በኩል፣ በጭቃው እዞራለሁ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ሳልበላ የማድርበት ቀን አለ።

አልረሳህም ልልህ ነበር። እንደማልረሳህ ታውቃለህ። ግን እስከ ዛሬ ያስታወስኩህ በሌላ ሰው ስም ላይ ቆሜ ነው፤ ሙት ዓመትህን ባወጣሁ ቁጥር የመጡት ሰዎች ዘነበችን ረግመው ይበላሉ፣ እኔ ወጥ እጨምራለሁ። ከእንግዲህ እንዲህ አላስብህም። ሳስብህ ያልኩትንም አብሬ አስባለሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ካለም እነግረዋለሁ።

ሊቀመንበሩ ዛሬም ሊቀመንበር ነው። ይህ ወረቀት እጁ ቢገባ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም አሁን ተነስቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ በዋናው መንገድ እሄዳለሁ። ለቅሶዋን እደርሳለሁ፤ ካስገባችኝ። እሷ ማንበብ ስለማትችል ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላታለሁ፣ በሩን ክፍት ትቼ። ከዚያ በኋላ ለዕድሩ ዳኛ ትስጠው፣ ለቀበሌው ትስጠው፣ እሳት ውስጥ ትጨምረው፣ የራሷ ነው። የእነዚህ ገጾች ተቀባይ እትዬ ዘነበች ናት፣ የታምራት እናት።