ሳልጠራ ያቀበልኩህ ብረት

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድህና ለምናፍቅህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዓይንህስ እንዴት ነው? ጠብታውን በሰዓቱ ታስገባለህ ወይስ እንደ ልማድህ «ነገ» እያልክ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ? ደስታ ሊገድለኝ ነው እንጂ! ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መኪናህ ተነሣች። አዎ፣ ያቺው ሞታለች የተባለችው!

አንተ አንባቢው ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጉሮሮህን አትጥረግ። ለአባዬ የምታነብለት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ አንድ መስመር እንዳትዘል። «ቆርቆሮ» ያልካትን መኪና ማክሰኞ ጎትቶ ሊወስድ ለነበረው የአሮጌ ብረት ገዢ ደውዬ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ። «ወንድምሽ ተስማምቷል እኮ» አለኝ። «ወንድሜ የተስማማው በአፉ ነው፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው» አልኩት።

አባዬ፣ አንተም «ትሸጥ» እንዳልክ አውቃለሁ። ወንድሜ በስልክ ሲያወራኝ ከኋላ ድምፅህን ሰምቻለሁ። «ዓይኔ የገደላትን መኪና ምን አደርጋታለሁ!» ስትል። ያቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀርታ ሰነበተች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስንብት ነው። መኪናዋ ከመሄዷ በፊት አጥቤ ልሸኛት ብዬ ባለፈው ሳምንት ጋራዡን ከፈትኩ። ጠረኑ እንዳለ ነው፤ ቤንዚኑ፣ የድሮው ዘይት፣ የወንበሩ ቆዳ። ደጃፉ ላይ እንደቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። አንተ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለህ፣ እጅህን ወደ ኋላ ዘርግተህ «ዐሥር ቁጥር!» ስትል፣ እኔ መፍቻውን መዳፍህ ላይ ጣል ሳደርግ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በበሩ ብቅ ብላ «ይቺን ልጅ ዘይት በዘይት አደረግሃት፤ ነገ ማን ያገባታል?» ስትል፣ አንተ ቀና ሳትል «መኪና የተበላሸበት» ስትላት። ያገባኝ ሰውዬ ብስክሌት ነበረው፤ በዚያውም ሄደ።

ሕጋችንስ ትዝ ይልሃል? ዕቃ ስንቀባበል ስሙ ይጠራል። እኔ «አሮጌ» ብዬ አቀብላለሁ፣ አንተ «አሮጌ» ብለህ ትቀበላለህ። «አዲስ» ስል «አዲስ» ትላለህ። «ሳይጠራ የመጣ ዕቃ ሳይጋበዝ እንደመጣ እንግዳ ነው፤ የት እንደሚቀመጥ አይታወቅም» ትል ነበር።

መደርደሪያው ላይ ያቺ የዱቄት ወተት ጣሳ አለች፤ አማላጆችህን የምታኖርባት። ወንድሜ፣ አንተ የወረቀት ሰው ስለሆንክ ላስረዳህ። ሞተሩ ውስጥ ካም የሚባል የሚሽከረከር ዘንግ አለ። በላዩ ደግሞ የነዳጁ ፓምፕ ተቀምጧል። ካሙ በጉብታው እየገፋ ነው ፓምፑን የሚያሠራው። ሁለቱ እንዳይፋጩ በመሃላቸው አውራ ጣት የምታክል የብረት ኩባያ ትገባለች። አባዬ «አማላጅ» ይላታል፤ በሁለት ኃይለኞች መሃል ገብታ የምታልቀው እሷ ናት። ካለቀች በኋላ ከቆየች ካሙንም ፓምፑንም ይዛ ትሞታለች። ስለዚህ በየዓመቱ ያወጣትና ያያታል። ስትቀየር አሮጌዋ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ታስሮባት ጣሳዋ ውስጥ ትገባለች። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ናፍቆት ነው፣ ጣሳዋን ዘርግፌ ስድስቱንም ደረደርኳቸው። አምስቱ ግንባራቸው ተልጦ ያብለጨልጫል። ስድስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ የሁለት ዓመት ከአራት ወሯ፣ ጥቁር ልባሷ እንዳለ ነው። አንድ ጭረት የላትም። የታሰረባት ወረቀት ግን «አሮጌ» ይላል፤ በእኔ ጽሕፈት።

አዲሷ እዚህ ጣሳ ውስጥ ከሆነች፣ ሞተሩ ውስጥ ያለችው የትኛዋ ናት?

የድሮ ተማሪህን ዝምታን ጠራሁት። ስም ያወጣህለት አንተ ነህ፣ ስሙንም አላሳፈረም፤ ሽበት ወርሶት እንኳ በቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚናገረው። ብረቷን አገላብጦ አየና አንገቱን ነቀነቀ። «የምሠራው እኔ ነኝ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ። ነዳጅ ለብቻ አይነካም ብሎናል አባዬ» አልኩት።

«ካወራሽ እሄዳለሁ» አለ። የዚያን ቀን ድርሻው አለቀ።

ሁሉንም እንዳስተማርከኝ አደረግሁ። መጀመሪያ የከረመውን ቤንዚንና ዘይት ቀይረን ዝምታ ያመጣውን ባትሪ ገጠምን። ትናንት ጠዋት የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ እሳት ማጥፊያውን አጠገቤ አቆምኩ። የመስመሩ ግፊት እንዲወርድ የነዳጁን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩን አዞርኩት። እያስነጠሰች መስመሩ ውስጥ የቀረውን ጠጣችና ራሷ ጠፋች። ከዚያ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ እስክትቀዘቅዝ እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅሁ። ወይ መጠበቅ! ከዝምታ ጋር አምስት ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

መነጽሬን አድርጌ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ የቧንቧውን መጋጠሚያ በጨርቅ ጠቅልዬ ቀስ ብዬ አላላሁት፤ የቀረ ግፊት ካለ ዓይን ላይ እንዳይረጭ። ጨርቁን ጥቂት አረጠበው፣ በቃ። ጨርቁንም ወዲያው ውጭ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ሦስቱን ቡሎኖች ደግሞ ተራ በተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር፤ ሥር ያለው ሞላ ይገፋልና አንዱን ብቻ ቸኩዬ አልፈታሁም። ፓምፑ ተነሣ። አማላጇን በማግኔት ስቤ አወጣኋት። ጓንቴን አውልቄ አውራ ጣቴን ግንባሯ ላይ ሳሳርፍ ጥፍሬ ወደ ውስጥ ገባ።

ተበስታለች፣ አባዬ።

ዝምታ በእጅ መብራት የካሙን ጉብታ ብዙ ጊዜ አየው። «ተርፏል» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ጋሼ ወዲያው ስላቆማት ነው» ብሎ ጨመረ። በአንድ ቀን ሁለት!

ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብለት።

አባዬ፣ ያን ቀን አቀባይህ እኔ ነበርኩ። ዓይንህ መደብዘዝ ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ አንተ ድሮም ብረት የምታየው በአውራ ጣትህ ነው። እጅህ ተሰነጣጠቀ ብዬ ስነዘንዝህ ከርሜ ያን ወፍራም ጓንት የገዛልህ ማን ሆነና? እኔ። «ካላጠለቅህ አላቀብልህም» ብዬ ያስጠለቅሁህም፣ ዓይንህ የሆነውን አውራ ጣት የሸፈንኩትም እኔ። ከዚያ ሁለቱን አማላጆች፣ ያወጣናትንና አዲሷን፣ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ የጎረቤታችንን ልጅ ሠርግ አወራልህ ጀመር። ሙሽራው የተዋሰው ጫማ ጠቦት፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ እንዴት እንደገባ ተነሥቼ ሳሳይህ በሳቅ ፈረስክ። እየሳቅህ እጅህን ወደ ኋላ ዘረጋህ። እኔም ወሬዬን ሳላቋርጥ አንዷን አንሥቼ አቀበልኩህ። ስሟን አልጠራሁም። የቀረችዋን «አሮጌ» ብዬ ጽፌ ጣሳ ውስጥ ጨመርኳት።

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ የእኔው ብረት በሳ።

ከአምስት ወር በኋላ ዳገት እምቢ ስትልህ ወዲያው ዳር አስይዘህ አቆምካት። «ዓይኔ ሞተር በላ» ብለህ መፍቻዎችህን በጨርቅ ጠቅልለህ ወንድሜ ዘንድ ሄድክ። እኔም ለሕክምናው ይሻለዋል ብዬ፣ ምን ሠርተን ነበር ብዬ ሳልጠይቅ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ያለቦታው። ይቅር በለኝ። መኪናህን የጎዳት ዓይንህ አይደለም። ሞተሯን ያተረፋት ግን የአንተ ጆሮ ነው።

አዲሷን ዘይት ቀብቼ ላስገባት ስል ከልማድ የተነሣ «አዲስ!» ብዬ ጮህኩ። ስንት ዓመት የምትመልስልኝ አንተ ነበርክ። ከኋላዬ ዝምታ በቀስታ «አዲስ» አለ።

ፓምፑን በአዲስ የጎማ ቀለበት መልሼ አሰርኩት፤ ቡሎኖቹን እንዳፈታታቸው ተራ በተራ፣ በልኩ። ፊውዙን፣ ባትሪውን መለስኩ። ቁልፉን ሳላስነሣ ከፍቼ መጋጠሚያውን አየሁ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ አስነሣኋት። ድምፅዋን ብትሰማው! ያኔ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስትወስደን የነበረው ድምፅ ነው። ያንኑ ዳገት ሁለት ጊዜ ወጣሁት፤ ሁለተኛው ለደስታዬ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። ወንድሜ፣ ደጃፍህን ነፃ አድርግልኝ። አባዬ፣ ከፊት ትቀመጣለህ፤ እኔ መሪ እይዛለሁ፣ አንተ በጆሮህ ትነዳኛለህ። ከፈለግህ አንድ ዙር ዞረን እመልስሃለሁ። ከፈለግህ ደግሞ ነዳጅ ሙሉ አድርጌ ስለምቀዳላት እስከ ቤታችን ያደርሰናል። አላስገድድህም። ጋራዡ ውስጥ ያለውን ወንበርህን አቧራውን ማራገፌን ግን እንድታውቀው ያህል ነው።

ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ ብርሃንህን ይመልስልኝ። ምርቃትህ ከመንገዱ በፊት ይድረሰኝ።

ወሬኛዋ አቀባይህ፣
ልጅህ

ከደብዳቤው ጋር ይድረስህ፦ በጨርቅ የጠቀለልኳት የተበሳችው ናት። ወንድሜ መዳፍህ ላይ ያኑርልህ። ጓንት የለም፤ በአውራ ጣትህ እያት። በል እጅህን ዘርጋ።

አሮጌ።

አሁን አንተ በል።