በከንፈር የተጠራ አድማ

ለተከበርከውና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ ኢኖክ፣

ባሕሩ ቢያራርቀንም ሰላምታዬ ኩዊንስላንድ ድረስ ይድረስህ። ጤናህ እንደምን ነው? ሙቀቱንስ ለመድከው? ባለቤትህ ሮዳና ሕፃኗ ደኅና ናቸው? እኛ ከእናታችን ሳል በቀር ደኅና ነን፤ እርሱም ቢሆን የሰሞኑ በሳቅ የመጣ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የሽመና ፋብሪካችን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሚስተር ታልቦት፣ ከለንደን ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰው ነው። እናታችንን «ኬዚያ፣ እጅሽ ቀርፋፋ ሆኗል፤ ከቅዳሜ በኋላ እንዳትመጪ» አላት። ዕድሜዋን የፈጀችባቸው የሽመና መኪናዎች ለሌላ ሊሰጡ ሆነ።

በእሑድ የንባብ ጉባኤያችን የኮሚኒስቶቹን ትምህርት ሳስረዳ፣ ፋብሪካ ሠራተኛውን ከየጎጆው አውጥቶ ከአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበስበው ሳያስበው አንድ መደብ ያደርገዋል ስል፣ ከአጠገቤ የምትሸምነው ታቢታ «ምሁሯ፣ ጣሪያው ሲያፈስስስ?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ግን ነገሩን የጀመረችው እርሷው ናት። እንደምታውቀው በመኪናው ጩኸት ውስጥ ወሬያችን ሁሉ ያለ ድምፅ፣ በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። «ዛሬ ኬዚያ ከሄደች ነገ ተራው የማን ነው?» አለች። ጥያቄው ከከንፈር ወደ ከንፈር ሲዞር ታልቦት በመካከላችን ይንጎራደዳል፤ አንዲት ቃል አልገባችውም። ከዚያ መኪናዎቻችንን ባንድነት አቆምን። አዳራሹ ጭጭ አለ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ታልቦት። ሁላችንም መለስንለት፤ በከንፈር ብቻ። ከልማድ ብዛት ድምፅ ማውጣት እንዳለብን ለማንኛችንም ትዝ አላለንም። ሰውየው ጆሮውን በጣቱ እየጎረጎረ «ደነቆርኩ እንዴ?» ቢል፣ እናታችን እስኪያስላት ድረስ ሳቀች፤ አዳራሹም ተከተላት።

ሳቁ ሲበርድ «ኬዚያ ትቆይ» አልነው፣ አሁን በድምፅ። «ባትቆይስ?» ሲል ታቢታ «እንግዲያው ጌታዬ፣ እርስዎ ይሸምኑ፤ እኛ ቁጭ ብለን እናሠለጥንዎታለን» አለችው። የቆሙትን መኪናዎች ዳር እስከ ዳር ቃኘ፤ የሚያሠራቸው አንድም ሰው አላገኘም። «ትቆይ» ብሎ ወጣ።

ወንድም ጋሼ፣ ስለ ወዝአደሩ መደብ ያነበብኩት እውነት መሆኑን ቀድሞም አምን ነበር። ይህን ያህል የሚያስደስት መሆኑን ግን መጻሕፍቱ አልነገሩኝም።

ሮዳን በብዙ ፍቅር ሰላም በልልኝ፤ የሕፃኗን ጉንጭ ሳምልኝ። ታቢታ ለአንተም ለጎረቤቶችህም ሰላምታ ታቀርባለች። እናታችን ደግሞ «እናቴ ሰኞ ሥራ ትገባለች ብለህ ለሰው ሁሉ ንገር» ብላሃለች።

እህትህ ዊኒፍሬድ

ኔልሰን፣ ላንካሻየር
ሴፕቴምበር 18 ቀን 1892