ፊውዙ ይነቀልልኝ

ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩን ለያዙት የትራፊክ አደጋ ምርመራ ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ በኤግዚቢትነት በግቢዎ በቆመችው ቪትዝ መኪና ውስጥ ያለው ካሜራ ማስረጃውን ራሱ እንዳያጠፋው፣ ፊውዙ በአስቸኳይ ተነቅሎ የምስል ካርዱ እንዲታሸግልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኑሩ አንዋር በደብረ ታቦር ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ስሆን፣ ከቅዳሜ ጀምሮ በቁጥጥር ስር የምትገኘው የሐሊማ አንዋር ታላቅ ወንድም ነኝ። ከዚህ በፊት አቤቱታ ጽፌ አላውቅም። በአጻጻፌ ስህተት ቢገኝ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ጊዜ እያለቀብኝ ስለሆነ ነገሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. እህቴ ስድስት ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ፣ ባጠራቀመችው ይህችን መኪና ገዝታ ልብስ እየጫነች በየገበያው ትነግዳለች። ቅዳሜ ነሐሴ 10 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻዋን ወደ ጋሳይ ገበያ ስትሄድ የጉና ተራራ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። እንደነገረችኝ፣ ከፊቷ ይሄድ የነበረ የጭነት መኪና በቅሎ የሚስቡ አንድ አባት ገጭቶ ሳይቆም ጉሙ ውስጥ ገባ። እርሷ ታርጋውን አላየችም። ካሜራው ግን ሳያየው አይቀርም።

2. የተጎዱት የጉና ሥር ገበሬው አቶ ይሻው ናቸው። እህቴ ጎትታ ከመኪናዋ አስገብታ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ትታቸው ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ማንም ስሟን አያነሳም ነበር። እርሳቸው እስከ ዛሬ አልነቁም። ያደረሰቻቸው እርሷ፣ ደሙ በእርሷ ወንበር ላይ፣ የመኪናዋም የቀኝ ስፖኪዮ የለም። በዚህ ምክንያት ተያዘች። መርማሪዎቹን አልወቅስም፤ እኔም ባላውቃት እጠረጥራት ነበር።

3. ስፖኪዮው ግን በግጭት አልወደቀም። ሰኔ ላይ መኪናዋ ቆማ ሳለች ሌባ ነቅሎ ወስዶታል፤ የሚሆን መለወጫ እስከ ዛሬ አላገኘንም። እህቴ በዚያ ተናድዳ ይህን ካሜራ ገዛችና «ሞተር ሲጠፋም የሚያይ አድርግልኝ» አለችኝ። አብዛኛው ሰው የሚያስገጥመው ቁልፍ ሲዞር ብቻ በሚሠራው መስመር ነው። እኔ ግን በቀጥታ ከባትሪው አያያዝኩት። መኪናዋ ተቆልፋም፣ ሰው ትቷትም፣ ካሜራው አይተኛም። አሁንም አልተኛም።

4. የምፈራው ይህንን ነው። ካሜራው ካርዱ ሲሞላበት አሮጌውን ምስል እያጠፋ አዲሱን ይጽፋል። መኪናዋ ከተጋጨች ግን ንዝረቱን አውቆ የዚያን ሰዓት ምስል ለብቻው ይቆልፋል፤ የተቆለፈው አይጠፋም። ክቡር ኃላፊ፣ ቀጥሎ ያለውን ረጋ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ። እህቴ ሰው ካልገጨች መኪናዋ አልተናጠችም። ካልተናጠች ምስሉ አልተቆለፈም። ካልተቆለፈ ይጠፋል። ገጭታ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው ተቆልፎ ይጠብቃት ነበር፤ የሚጠፋባት ባትገጭ ነው።

5. ሞተር ሲጠፋ ካሜራው ከፊቱ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየ ቁጥር ይቀዳል። መኪናዋ ደግሞ ፊቷን ወደ ግቢው በር አድርጋ ቆማለች። ባለጉዳይ ይገባል፣ ይወጣል፤ ተረኛ ይቀየራል፤ ሻይ የምታመላልሰው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ታልፋለች። ይህን አቤቱታ ይዤ ስገባ እኔንም ይቀዳኛል፤ እኔን የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ቅዳሜን ያጠፋል። ስለዚህ በግንቡ ጥግ ጥግ በኋላዋ በኩል ዞሬ ነው የምገባው፤ ሰው እብድ ነው ቢለኝም ግድ የለኝም። ከልምድ እንደማውቀው ሰው በሚበዛበት ስትቆም ካርዱ በአምስት ቀን ይሞላል። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ባትሪው ቢያልቅ በዳንን ነበር፤ ነገር ግን ሰኔ ላይ አዲስ ባትሪ የገጠምኩላት እኔው ነኝ። በሥራዬ ማማር ስጨነቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

6. ይህንን ትናንት ለተረኛው ፖሊስ በቃል አስረድቼ፣ ኤግዚቢት ያለ ኃላፊ ትእዛዝ እንደማይነካ ነግረውኛል። ሕጉን ስላከበሩ አመሰግናለሁ። ካሜራው የራሱ መመልከቻ የለውም፤ ምስሉ የሚታየው በእህቴ ስልክ ሲሆን ስልኩም አብሮ ተይዟል። አልደብቅዎትም፣ ከጣቢያው ወጥቼ ፒንሳ በኪሴ ይዤ የግቢውን አጥር ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ ብነካው እህቴን ይበልጥ እንደማስጠረጥራት አሰብኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

7. ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ይሻው የሚተርፉ አይመስልም ሲባል፣ ደም እንዳይመጣብን ፈርቼ ማንንም ሳላማክር ሦስት ሽማግሌ ወደ ቤተሰባቸው ላክሁ። እግዚአብሔር ይማርልን እንዲሉልኝ፣ ቁጣውም እንዲበርድ ብዬ እንጂ ጥፋት አምኜ አልነበረም። ቤተሰቡ ግን «ያልገጨ ሰው ሽማግሌ አይልክም» አለ፤ በእኛ አገር እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ልጃቸው አቶ ዋልልኝ በሆስፒታሉ በር አግኝተውኝ «አባቴ አንድ ነገር ከሆኑ እኔና አንተ ሰላም አንባባልም» ብለውኛል። አልከሰሳቸውም። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የፈራሁትም ለዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቄን አልከፈትኩም፤ ልጆቼንም ወደ ውጭ አላወጣም። ገጪው ሰው ግን በዚህ ሰዓት መኪናውን አጥቦ ሥራው ላይ ይሆናል።

8. ስለሆነም ክቡርነትዎ የሚከተለውን እንዲያዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፖሊስ፣ አቶ ዋልልኝና እኔ ባለንበት ፊውዙ ይነቀል። ከመሪው ሥር በግራ በኩል ነው፤ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ፤ በጣት ይነቀላል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እኔ እንዳልነካው ከተፈለገ ርቄ ቆሜ አሳያለሁ። ከዚያም ካርዱ ታሽጎ በባለሙያ ይታይ። እኔ ምስሉን አላየሁትም፤ ያለኝ የእህቴ ቃል ብቻ ነው። ምስሉ እርሷ ገጨች ካለ አልከራከርም፤ ያኔ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዤ ራሴ አቶ ዋልልኝ ደጅ እወድቃለሁ። አልገጨችም ካለ ደግሞ እርሳቸውም የአባታቸውን ገጪ ያውቁታል።

9. ለዚህ ትእዛዝ ቀናት የሚያስፈልጉ ከሆነ፣ እስከዚያው አንዲት ትንሽ ነገር ይፈቀድልኝ። ከዚህ ጋር ነብር የተሣለበት ወፍራም ብርድ ልብስ አያይዤ አቅርቤያለሁ። እህቴ ከኩዌት ያመጣችው የራሷ ነው። የነሐሴን ብርድ እርስዎም ያውቁታልና ትናንት እንድትለብሰው ወስጄላት ነበር። ስለ ካርዱ ስነግራት ብርድ ልብሱን መልሳ እጄ ላይ አድርጋ «ወንድምዬ፣ እኔ እችለዋለሁ፤ ይህን መስተዋቷ ላይ ጣልልኝ» አለችኝ። ካሜራው ካላየ አይቀዳም። ስለዚህ ብርድ ልብሱ በመኪናዋ የፊት መስተዋት ላይ እንዲጣል፣ ፊውዙ የተነቀለ ዕለት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለእህቴ እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ካልደበቅሁት ፍርሃት ጋር ሰላምታዬ ይድረስዎ

(ፊርማ)
ኑሩ አንዋር

አባሪ፦
የባትሪ መግዣ ደረሰኝ፣ አንድ ገጽ
ብርድ ልብስ፣ አንድ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዋልልኝ ይሻው፣ ከአባታቸው አልጋ አጠገብ