ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያሉት የኔታ ናቸው

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ተዝካርህን ካወጣን ወዲህ ልጽፍልህ እያልኩ ስተወው ቆየሁ። ዛሬ ግን ሳልነግርህ መዋል አልችልም፤ ባለፈው ሳምንት በሰው ሁሉ ፊት አሳጥቼሃለሁና። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው።

ቤቱ ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቅዳሴዋን አታስታጉልም። እኔም ያው ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሮብ ገበያ እመጣለሁ። የተለወጠው ቤተ ክርስቲያናችን ነው። አሮጌው ስለጠበበ አዲስ ሊሠራ ነው፤ መሠረቱ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ባለው በጥንቱ መቃብር ላይ ይወጣል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ቄስ ሞላ ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ፦ «ዘመድ ያለው በአንድ ወር ውስጥ አጽሙን ያንሣ። ባለቤት ያልተገኘለት በጸሎት በአንድ ጉድጓድ ይቀበራል።»

ያንን መቃብር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በንግሥ ዕለት እጄን ይዘህ በጽድ ዛፎቹ መሐል እየዞርክ ታሳየኝ ነበር፤ የቤተ መቅደሱን ግድግዳ የሳሉትን ሰዓሊ፣ የአገሩን ሕፃን ሁሉ ተቀብለው ራሳቸው መካን ሆነው ያለፉትን አዋላጅ። ሐረግ የተቀረጸበት ትልቁ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ግን ፈጠን ትል ነበር። ሰው ሁሉ «የፊታውራሪ ደምለው መቃብር» ይለዋል። አንተ ምንም አትልም።

ለምን ዝም እንደምትል የነገርከኝ ልትሞት ሦስት ሳምንት ሲቀርህ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ነበረች። «ከድንጋዩ ሥር ያሉት ፊታውራሪ አይደሉም፤ የኔታ ጥበቡ ናቸው» አልከኝ።

ፊታውራሪ ልጅ ሳሉ የኔታ ዘንድ ቅኔ ተምረው ነበር። ሹመት ካገኙ በኋላ የአንዲት ባልቴት ርስት ነጠቁ። የኔታ ይህን ሰምተው ከደጃቸው ሄደው ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉ እንቢ፣ ተቀመጡ ቢባሉ እንቢ። በረዶ ወረደባቸው፤ አልተነቃነቁም። ማታ ሲሆን ፊታውራሪ ራሳቸው ወጥተው እግራቸው ላይ ወደቁ፤ መሬቱም ለባልቴቷ ተመለሰ። ስለዚህ ለራሳቸው ያስጠረቡትን ድንጋይ ሊሞቱ ሲሉ ቀድመዋቸው ላረፉት መምህራቸው ሰጡ። «እግሬ እንደጠመመ ቀረ፤ ልቤን ግን የኔታ አቀኑልኝ። እግራቸው ሥር ቅበሩኝ» አሉ። ያኔ አንተ የቅኔ ተማሪ ነበርክ፤ የፊታውራሪን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ ነህ።

በአብዮቱ ጊዜ የፊታውራሪ ቤተሰብ ተበተነ። ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅ ልጃቸው አቶ ሽፈራው ዘመድ አዝማዱን ይዘው መጡ፤ አንድ ሰው ትልቁን ድንጋይ አሳያቸው። ተደፍተው ሳሙት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። አንተ እዚያው ቆመህ ነበር። «ያን ሁሉ ለቅሶ እንዴት ላቋርጠው?» አልከኝ። በኋላም የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አሳደሱ፤ አንተም ይበልጥ ፈራህ። ዓመት ዓመትን ወለደ። አብረውህ የቆፈሩት ሁሉ አለቁ። «አንቺ ታውቂዋለሽ አሁን» ብለህ ዓይንህን ጨፈንክ። አባዬ፣ በዚያች ሰዓት ተቀይሜህ ነበር። የተሸከምከውን እኔ ላይ አራግፈህ መተኛትህ ነው አልኩ።

አዋጁ ከተነገረ በኋላ አቶ ሽፈራው አያታቸውን አንሥተው ደብረ ማርቆስ፣ ከአባታቸው ጎን ሊያሳርፉ እንደሆነ ሰማሁ። የኔታ በሌላ ሰው ስም ሊወሰዱ፣ ፊታውራሪም ባለቤት እንደሌለው ወደ ጅምላው ጉድጓድ ሊገቡ ነው። ለእማዬ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «አባትሽ መሪጌታ ዋሽቷል ልትይ ነው? ባሌ ከሞተ በኋላ የሰው መነጋገሪያ ልታደርጊው?» አለችኝ። ቄስ ሞላ ዘንድም ሄድኩ። ግንባራቸውን እያሹ «ልጄ፣ ሥራው እንዲህ በተጀመረበት ሰዓት ይህን አታምጪብን። ደግሞስ ምስክርሽ ማነው?» አሉኝ። ምስክሬ አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ የለህም።

የሚነሡበት ቀን ማለዳ ከጮቄ ተራራ የወረደው ጉም ጽዱን ሸፍኖት ነበር። ካህናቱ ፍትሐት ጀመሩ። አዲሱ ሳጥን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቆፋሪዎቹ ድንጋዩን ሊፈነቅሉ ሲያጎነብሱ ከሴቶቹ መሐል ወጣሁ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ።

«አቶ ሽፈራው፣ አያትዎ እዚህ አይደሉም» አልኩ። «ከግርጌው ያለችው ያልተጠረበች ድንጋይ ናት የሳቸው። አባቴ በእጁ ነው የቀበራቸው።»

ፍትሐቱ ቆመ። አቶ ሽፈራው ቀስ ብለው ዞሩ። «አባትሽ? ያን ጊዜ እዚህ ከጎኔ ቆመው እንባዬን ሲያዩ የነበሩት መሪጌታ?»

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር? እያወቁ በሰው አጥንት ላይ አስለቀሱን?»

ፍርሃትህን ልሸፍንልህ ፈልጌ ነበር። ረስቶት ነው ብል ማን ይከራከረኝ ነበር? ግን አንድ ውሸት ለማንሣት ሌላ ውሸት መደረብ ሆነብኝ። «ያውቅ ነበር። ፈርቶ ነው» አልኩ። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከኋላ አንዱ «አባቷን ሸጠች» ሲል ሰማሁት።

አቶ ሽፈራውን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ አያታቸው ያነክሱ እንደሆን። «ከፈረስ ወድቀው ግራ ታፋቸው ተሰብሮ ነበር። ይህን የማያውቅ ማን አለ?» አሉኝ።

«እንግዲያው ሁለቱም ይከፈቱ። አጥንቱ ይናገር።»

ቄስ ሞላ አቶ ሽፈራውን አዩ፤ አቶ ሽፈራው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከትልቁ ድንጋይ ሥር የተገኘው አጽም ሁለት እግሩ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነበር። ሁለተኛው ጉድጓድ ጭቃው ከባድ ነበርና ረዥም ጊዜ ፈጀ። አባዬ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንተንም ተጠራጠርኩ። ሕመም ያስቀባዠረህ ቢሆንስ? ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር።

በመጨረሻ ቄስ ሞላ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብለው አንድ አጥንት በነጭ ጨርቅ ተቀበሉ። የግራ ታፋ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ወይራ ጉጥ ያበጠና የጎበጠ። አቶ ሽፈራው ከጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ተቀብለው አቅፈውት ብዙ ቆዩ።

ሲነሡ የፊታውራሪን ኑዛዜ ነገርኳቸው። ወደ ደብረ ማርቆስ መውሰዱን ተዉት። «እግራቸው ሥር ብለው ከሆነ እዚያው እግራቸው ሥር ይሁኑ» አሉ፤ በአዲሱ የመቃብር ቦታ ሁለቱም እንዲያርፉ፣ ድንጋዩም ከየኔታ ጋር እንዲሄድ ተስማሙ። አንተን ግን ይቅር አላሉህም። እማዬን ሳይሰናበቱ ሄዱ። ይህንንም አልደብቅህም።

የቀረው አጽሙን ያነሣው ዘመድ የሚጻፍበት መዝገብ ነበር። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ «የየኔታ ጥበቡ ዘመድ ማን ተብሎ ይጻፍ?» ብሎ ጠየቀ። ልጅ የላቸውም፤ ወንድም እኅት የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሰችኝ እማዬ፣ ያን የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ በሰው መሐል አልፋ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«የመሪጌታ ቤት ብለህ ጻፍ» አለችው። «ዕዳው የኛ ነው፤ አጽሙም የኛ ነው።»

ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ። እስከ ቤት አልለቀቀችኝም።

አባዬ፣ ከእንግዲህ የኔታን በሙት ዓመታቸው የምናስባቸው እኛ ነን። ስለ አንተም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፤ የማንም መቃብር የማይጠፋበት ሰው እንደነበርክ፣ አንድ ጊዜም ፈርተህ ዝም እንዳልክ። ሁለቱንም ይዤ እወድሃለሁ፤ ሁለቱንም ይዤ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ እናና