ጋራዥ ገብቷል ያሉኝ ቀን

ውድ ደሬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። አዳማ እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት አቧራው ይነሳል። ልጅህ ማርታ በቁመት በልጣኛለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈኗ ያንተው ነው። የጓሮው ፓፓያ በነፋስ ወድቆ እኔው ራሴ በመጥረቢያ ከታትፌ አወጣሁት። ብታየኝ ስትስቅብኝ ትውል ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ መኪናህ ነው። ተሠርታለች።

ያቺ ምንጣፍ! ሰፈሩ ያወጣላት ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዕድሜህን ሙሉ ጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ስትነዳ፣ ሰውን ሁሉ ከላይ ስታይ ኖረህ፣ በቃኝ ብለህ ስትወርድ የገዛኸው መሬት ለመሬት የምትሄድ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና። ባጃጅ እንኳ ቁልቁል ያየን ነበር። እኔን ከውስጧ ለማውጣት እጄን ይዘህ ስትጎትት የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ አንተ ደግሞ ትንፋሽህ እስኪያጥርህ ትስቃለህ። እሑድ እሑድ ብቻህን ወደ ዝዋይ መንገድ ይዘሃት ትወጣለህ፣ ስትመለስ ፊትህ የልጅ ፊት ሆኖ ይመጣል። አጉረመርም ነበር እንጂ ያን ፊት እወደው ነበር።

በዚያም እሑድ ወጣህ። ከሰዓት በኋላ ወንድምህ ታዬ ደወለልኝ። አዳሚ ቱሉ አጠገብ መኪናዋ ትንሽ ተጋጭታለች፣ እሱ ደህና ነው፣ ጋራዥ ገብቷል፣ ስልኩ ተዘግቶበታል፣ ሳይመሽበት አይቀርም አለኝ። ንድድ አለኝ። ራትህን ከድኜ፣ ስትመጣ የምናገርህን ሁሉ ሳሰላስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ታዬ ያን ጊዜ አስከሬንህ አጠገብ ቆሞ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። መሪ እንደያዝክ ልብህ ቆሞ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ከአስፋልት ወጥታ የአንድ እርሻ ግንብ አጥር ተደግፋ ነው የተገኘችው። አፍንጫዋ ተሰነጣጥቆ አንድ መብራቷ ከመሰበሩ በቀር ምንም አልሆነችም። ታዬ የዋሸኝ በክፋት አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ቤት ድረስ ተመጥቶ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው የሚያሳርፍ ወሬ ተፈልጎ ይባላል። እሱ ያገኘው ጋራዡን ነው። ምናለ ሌላ ነገር ባገኘ ኖሮ!

ሲነጋ የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆሙ። ነገሩኝ። እኔ ግን ጋራዥ እኮ ነው ያለው አልኳቸው። ሐዘን ያናገረኝ መስሏቸው ደግፈው ያዙኝ። ቀብርህ ላይ ነበርኩ፣ አፈሩ ሲመለስ አይቻለሁ፣ አርባህንም ሙት ዓመትህንም በወጉ አውጥቻለሁ። ሴቶቹ እንባዋ ደረቀ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ቀድሞ የገባው ጋራዡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ወሬ መቀመጫ አጣ።

ታዬ መኪናዋ እንዳለች ትሸጥ አለ። እሷን ባየ ቁጥር ፊቱ ይጠቁር ነበር። እኔ ግን ሳትሠራ ከዚህ ግቢ ለገዢ አትወጣም ብዬ ድርቅ አልኩ፤ ጋራዥ ፍለጋውንም ተያያዝኩት። የሰፈራችን ባቲላሜራ መጥቶ በመዶሻው መታ መታ ሲያደርጋት ቆርቆሮ እንዳልሆነች ገባውና ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። አካሏ ፋይበር ነው፤ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል እንጂ አይቃናም። ፎቶዋን በስልኬ ይዤ ሞጆ ወረድኩ። ከባድ መኪና የሚሠሩት የድሮ ወዳጆችህ ስልኩን እየተቀባበሉ ሳቁ፣ ከዚያ አንተ ትዝ ስትላቸው ስልኩን መለሱልኝ። ሻሸመኔም ድረስ ሄጃለሁ።

ለሰው የምለው መኪናዋን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ እፈልጋለሁ ነው። እውነቱን ላንተ ልንገርህ። የየጋራዡ በር ላይ ስደርስ መጀመሪያ የማየው ቱታ የለበሱትን ወንዶች ፊት ነበር፤ አንድ በአንድ። ከዚያ ከመኪና ሥር የወጡትን እግሮች አያለሁ። ሞጆ ላይ አንዱ ተሳቢ ሥር ተኝቷል፣ ጫማው ያንተ ዓይነት ነው፣ እንዳንተም አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አነባብሯል። ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ወጣ፤ ሌላ ሰው ነው። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ እንኳ ሳልናገር ተመለስኩ። ደሬ፣ ያን ቀን ራሴን ፈራሁ።

በመጨረሻ ቢሾፍቱ ላይ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ብቻ የሚሠራ ጀማል የሚባል ሰው እንዳለ ሰማሁ። ጭነን ወሰድንለት። የተሰነጠቀውን በፋይበር እየደራረበ ሞላው፣ ቀለሟን አመሳሰለ፣ መብራቷንም ከውጭ አስመጣ። አልቃለች፣ መጥታችሁ ውሰዱ ብሎ ሲደውል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የያዘኝ ግን ፍርሃት ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ አቆየሁት። መኪናዋ ከጋራዥ ወጥታ አንተ ካልወጣህ ምን እላለሁ?

ትናንት ሄድኩ። ታዬ ውጪ ቆየኝ። መኪናህ ግቢው መሀል ቆማ ታበራለች፣ ምንም የነካት አትመስልም። እኔ ግን አልፌያት ገባሁ። ቀለም የሚቀቡበትን ክፍል አየሁ፣ የዕቃ ክፍሉን ከፍቼ አየሁ፣ ጎማ የተከመረበትን ጥግ ዞርኩ። ጀማል ቁልፉን ይዞ ይከተለኛል። ምን ጠፋብሽ እህቴ አለኝ። እዚህ የቀረ ሰው የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከእኔና ከሠራተኞቼ በቀር ማንም የለም አለኝ።

ያኔ ባሌ ሞቷል አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። መጮሄንም አላወቅሁትም፤ ሠራተኞቹ ኮምፕሬሰሩን ሲያጠፉት ነው የራሴን ድምፅ የሰማሁት። መሣሪያቸውን ጥለው መጡ። አግዳሚ ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። ጀማል መቼ እንደሞትክ አልጠየቀኝም። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ሌሎቹም ቅባት በጠገበ ቱታቸው ዙሪያዬን ተቀመጡ፣ ሐዘኑ የዛሬ ይመስል። አንተን አይተውህ የማያውቁ ሰዎች ሥራ ፈትተው ለቅሶህን ተቀመጡልህ። ታዬም ድምፄን ሰምቶ እየሮጠ ገባ። ተቃቅፈን እስኪወጣልን አለቀስን።

እሱ ነው እየነዳ አዳማ ያስገባን። ቂም እንዳልያዝኩበት መንገድ ላይ ነገርኩት፤ ከዚያ እስክንደርስ በዝግታ ነዳ።

እስከ ትናንት ድረስ ስምህን ሲያነሱ ክፍሉን ጥዬ እወጣ ነበር። መንገድ ላይ ስላለ ሰው እንዴት ነበረ እየተባለ ይወራል? ዛሬ ጠዋት ግን ማርታን አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንተ ስትዘፍን ዜማ እንዴት እንደምትስት፣ ስትናደድ ጫማ እንደምትወለውል ነገርኳት። ደስ አላት፤ ደግሞ አለቀሰች። ሌላም ንገሪኝ አለችኝ፤ ሌላም አለኝ።

ነፍስህን በገነት ያሳርፍልኝ። ከእንግዲህ አልጠብቅህም ደሬ። አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ አልማዝ