ከአጥር ማዶ የመጣ እልልታ

ሐምሌ 9
ዝናብ። ምስር ለቅሜ ጨረስኩ። ጎኔን ያመኛል። ባሌ የሻው ክረምት ሲገባ ከትምህርት ቤት የተረፈ ደብተር አመጣልኝ። “ምን ትጽፊበታለሽ?” አለኝ። “ያንተን ጉድ” አልኩት።
አማቼ አባባ ቢያዝን ከትክል ድንጋይ መልእክት ልከዋል፦ “ወንድ ከሆነ በአርባው ሙክት ይዤ እመጣለሁ።” ሴት ከሆነችስ? እሱን አላሉም። የሻው አንድ ለእናቱ ነው፣ ሽማግሌው ወንድ የልጅ ልጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሆዴን እያሻሸሁ “አደራ፣ ጠብ እንዳታመጣብኝ… ወይም እንዳታመጪብኝ” አልኩ።

ሐምሌ 13
ወለድኩ! በ10 ነው፣ እርሳስ የያዝኩት ግን ዛሬ ነው። ሴት! ጥቁር ፀጉር፣ የተቆጣ ፊት፣ ቁርጥ የየሻው ጆሮ።
ጉዱ ግን… አዋላጇ እትዬ ታየች ለሴት የሚገባውን ሦስት እልልታ አቀለጠችው። ጎረቤታችን ኩልሱም ከአጥር ማዶ ሰማች። ደስታዋ አላስችል ብሏት አራት ጨመረችበት! የሻው ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ሰባት! ወንድ! ምነው ገብቶ ቢጠይቅ? ጭራሽ! ወደ ገበያ በረረ። ወደ ትክል ድንጋይ ልትነሳ የደረሰች ማኪና አገኘ፣ ለሾፌሩ “ለአባቴ ወንድ ተወለደ በልልኝ!”
በስብሶ ተመለሰ። “ልጄስ? ጀግናው የታል?”
“ምነው የሻው? ሴት ናት እንጂ” አለችው እትዬ ታየች።
ፊቱን ባያችሁት! መሳቅ ያመኛል፣ ግን ሳቅኩ። ቆይቶ አያትና “ጆሮዋ!” አለ። ሌላው ሁሉ ጠፋበት።

ሐምሌ 17
ጨርቅ አይደርቅም። ስድስት አጥቤ ሰባት ታረጥባለች፣ ከየት እንደምታመጣው እንጃ። ኩልሱም ካውያዋን በከሰል ሞልታ መጥታ ስትተኩስልኝ ዋለች። “ጥፋቱ የኔ ነው ወለላዬ፣ እስክትጠመቅ ድረስ እተኩስልሻለሁ” አለችኝ።
እትዬ ታየች የልጄን ራስ በቅቤ እያሸች ታሞልላለች። አፍንጫዋንም ትስባለች፣ እንዲቀና ነው አሉ። “ተይው፣ የኔው አፍንጫ ነው” አልኳት። “ለዚህ እኮ ነው” አለችኝ!

ሐምሌ 26
“ለአባባ ጻፍክ?”
“ጻፍኩ።”
“ላክህ?”
“መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል፣ ማኪና የለም።”
ደብዳቤውን ትራሱ ሥር አገኘሁት። “ይድረስ ለውድ አባቴ፣ እንዴት ሰንብተዋል” ይላል። በቃ። እዚያ ላይ ቆሟል። ፈሪ!
ሴት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እሳቸው በአርባው ከተፍ ሊሉ ነው።

ነሐሴ 4
ሳቀችልኝ! እትዬ ታየች “ሆዷን ነፍቷት ነው” አለች። ይሁና። ለኔ ነው የሳቀችው።

ነሐሴ 12
ለአርባው ሳምንት ቀረ። ስስቅ ከርሜ ዛሬ ጡት እያጠባኋት አለቀስኩ። አባባ እኔን ይቆጡኝ፣ ግድ የለኝም። ግን አይተዋት ፊታቸውን ቢያዞሩስ? ይህን መቼም አልረሳላቸውም።

ነሐሴ 19
አሁንም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።
ጠዋት አባባ መጡ። በእግራቸው! እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ አንድ ትልቅ ሙክት እየጎተቱ። የሻው ጓሮ ገብቶ ተደበቀ።
“እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ።”
“ማርያም ታኑርዎ፣ አባባ።”
“እስቲ ጀግናውን! ቁስቋም ነው ክርስትና የምናስነሳው? ምነው ቤቱ ጭር አለ?”
ዐይኔን ጨፈንኩ። “አባባ፣ ሴት ናት።”
“ሰባት ነው የቆጠርኩት!” ሲል የሻው ከጓሮ ጮኸ።
ሙክቱም ጮኸ። “ስጪኝ” አሉ አባባ። ሰጠኋቸው። እሷ ምን አደረገች? ነጭ ጋቢያቸው ላይ ሸናች! መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ትክ ብለው አዩዋት፣ ጆሮዋን ነካ ነካ አደረጉት። “ሸጋ ናት!” አሉ። ወደ ደረታቸው አስጠጓት። “ባንቺ አየሁ፣ ልጄ። ባንቺ አየሁ።”
ከዚያ ቀና ብለው፣ “ስንት እልል ተባለላት?”
“ሦስት። አራቱን ኩልሱም ናት ከአጥር ማዶ…”
“ጥሯት!”
ኩልሱም ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ደንግጣ ገባች።
“አንቺ ነሽ የጨመርሽው?”
“እኔ ነኝ፣ አያ ቢያዝን። ይቅር ይበሉኝ።”
“የምን ይቅርታ? በእግሬ የመጣሁት ለሰባት ነው። ድገሚልኝ!”
ሰባቱንም ደገመችው። የሻው ከጓሮ ብቅ አለ።
“ክርስትናው በሰማንያው ይሆናላ” አሉ አባባ። “እንግዲህ እኔም ሙክቱም እዚሁ ነን።”

መስከረም 8
ፀሐይ! ጨርቅ ሁሉ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ያሰጡት አባባ ናቸው፣ ማንም ሲነካባቸው አይወዱም። ባንቺአየሁ ጭናቸው ላይ ትተኛለች። ሙክቱ ጎመኔን ጨረሰው።
ዛሬ ከታች ሰፈር አንዲት ሴት ተገላገለች። እልል አሉ። አንድ… ሁለት… ሦስት። ጸጥ። አባባ ባንቺአየሁን እንዳቀፉ ተነሥተው አጥሩ ጋ ቆሙ፣ አንገታቸውን አስግገው ጮኹ፦
“ምነው? አራት ቀረ እኮ!”