ላፕቶፑን ከዘጋሽ በኋላ አንብቢው

ኮልፌ፣ ማክሰኞ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? የምሳ ቤቱ ጣሪያ በዚህ ዝናብ አላስቸገረሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ይዞኝ የነበረው ሳልም ለቆኛል።

በስልክ ልጠይቅሽ የምችለውን በወረቀት መጠየቄ ግራ እንደሚያጋባሽ አውቃለሁ። ደብዳቤውን አሽጌ በጎረቤትሽ በሾፌሩ በአህመድ እጅ ልኬዋለሁ፤ በልጅሽ በራኬብ እጅ ያልላክሁበትን ምክንያት ስታነቢ ትረጂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምንሽ። የልጅሽ ላፕቶፕ አንቺ ያለሽበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ክዳኑን ዝጊው። ከዚያ ብቻሽን ሆነሽ ቀጥዪ።

እታለም፣ ትምህርት ቤታችን በመስከረም ላፕቶፕ ሲያድል «ፈርሚ፣ የተለመደ ነገር ነው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ እንደመሆኔ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የጫንኩትም እኔው ነኝ። ፕሮግራሙ በላፕቶፑ የሚጻፈውን ሁሉ ይከታተላል። አደገኛ የተባለ ቃል ሲያገኝ ለእኔና ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ለአቶ መኳንንት መልእክት ይልካል፤ በዚያው ቅጽበት በካሜራው ፎቶ ያነሳል። ከቃላቱ መካከል የተላላፊ በሽታ ስሞች ይገኙበታል። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ደኅንነት ብለን አጸደቅነው። አንድ ላፕቶፕ የገባበት ቤት ውስጥ እናትም፣ አክስትም፣ ተከራይም እንደሚነካው በስብሰባው ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም፤ አንድ ሬዲዮ ለግቢው ሁሉ በሚበቃበት ቤት አድጌ ሳለ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የሒሳብ ፈተና ነበር። በፈተና ቀን ላፕቶፕ ይዞ መምጣት ስለማይፈቀድ የሁሉም ተማሪዎች ላፕቶፕ ቤት ቀርቷል። ራኬብ ፈተናዋን በምትሠራበት ሰዓት ከእርሷ ላፕቶፕ መልእክት መጣ። የተጻፈውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሰፍርልሻለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ግራ ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ቦታ ወጥቷል። ትኩስ ድስት ሲነካኝ አይሰማኝም። የሥጋ ደዌ ይሆን እንዴ? ቤት ውስጥ ልጅ አለች፤ ይይዛታል ወይ? እባክዎ ይንገሩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የተማሪዎችን ጽሑፍ በየቀኑ አያለሁ። ኮምፒውተርን «እርስዎ» ብሎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አመስግኖ የሚሰናበት ተማሪ ግን አይቼ አላውቅም። ማን እንደጻፈው አልጠይቅሽም። እንድትነግሪኝም አልፈልግም።

አቶ መኳንንት ግን ያዩት የላፕቶፑን ባለቤት ስም ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ራኬብን ቢሮ አስጠሯት፤ እኔም እንድገኝ ታዘዝኩ። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሏት። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወለሉን አየችና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እስቲ እጅጌሽን ሰብስቢ» አሏት። «አልሰበስብም» አለች። ያንን አነጋገር ከማን እንደወረሰችው አንቺም እኔም እናውቃለን። «እንግዲያው የሐኪም ወረቀት ሳትይዢ ክፍል አትገቢም» ብለው አሰናበቷት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። አፌን ብከፍት የሚከተለው ጥያቄ ምን እንደሚሆን ስለገባኝ ነው፤ እርሷ ካልሆነች ማን ናት?

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከቢሮው ወጥቷል። በሩ ላይ አንዱ ተማሪ «ራኬብ፣ ማስቲካሽን ለሰው እንዳታካፍዪ!» ብሎ ጮኸ። «ላንተማ ከአፌ አውጥቼ ነው የምሰጥህ፣ ና!» ብላው አለፈች። ጦር ኃይሎች ታክሲ መያዣው ጋ ስንደርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። «ፈተና ላይ ነበርሽ፤ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» አልኳት። በታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት መሀል የመለሰችልኝ ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ በቃ እኔ ልሁን። እኔ የሚዘጋብኝ ምሳ ቤት የለኝም። ደግሞ ለእማዬ እንዳትነግራት። ምንም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ድስቱን እኔ እያነሳሁላት ነው።»

ዓርብ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከቤትሽ ስትወጣ ወደ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ እኔ ቤት ነው የዋለችው። ይህን የምጽፍልሽ አደራዋን አፍርሼ ነው።

የቀረው ፎቶው ነበር። አቶ መኳንንት «ክፈተውና እንየው፤ ልጅቷ ካልሆነች ማን እንደሆነ ይለያል» ብለው እስከ ሰኞ ቀጠሩኝ። የሚከፈተው በእኔ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ፎቶው ራኬብን ነጻ ያወጣታል፤ በእርሷ ምትክ ግን ሌላ ፊት ያወጣል። አቶ መኳንንት ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሯቸውን የት እንደሚበሉ ታውቂያለሽ። የምግብ ቤት ስም በአንድ ወሬ እንዴት እንደሚጠፋ ደግሞ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጣቴ ፋይሉ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቷል። በመጨረሻ ሳልከፍተው ሰረዝኩት። ከዚያ የሁሉንም ተማሪዎች ካሜራ ዘጋሁና ያደረግሁትን ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አሳወቅሁ።

ትናንት ነገሩን ሊያጣራ የተሰበሰበው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ፈታኟ ወይዘሪት ሜሪ ራኬብ በዚያ ሰዓት ፊቷ ተቀምጣ ስትፈተን እንደነበር መሰከረች። አቶ መኳንንት «ታዲያ ማነው?» አሉኝ። ተማሪ አለመሆኑን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ቤት እንደሆነ፣ የሰውን ቤትና የሰውን ደብዳቤ ሕግ እንደሚጠብቀው መለስኩ። ስለ ፎቶው ሲጠይቁ መሰረዙን ነገርኳቸው። «ሳታየው?» አሉ። «ሳላየው።» «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ካሜራ ያስገባኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። እኔ መሆኔን አመንኩ።

ራኬብ ከዛሬ ጀምሮ ክፍሏ ገብታለች። እኔ ቦርዱ እስኪወስን ከሥራ ታግጃለሁ፤ ቁልፎቹንም አስረክቤያለሁ።

አሁን ስለዚያ ጥያቄ። ጠያቂው መልስ ያገኘ አይመስለኝም፤ በዚያ ትሕትና የጠየቀ ሰው ደግሞ መልስ ይገባዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ የሚታመኑ የሕክምና ጽሑፎችን ግን በጥንቃቄ አንብቤያለሁ። ምልክቱ ጨርሶ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የተፈራውም ቢሆን በመድኃኒት የሚድን ነው፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ አያስተላልፍም። ቶሎ ከተደረሰበት እጅ እጅ እንደሆነ ይቀራል። የሚጎዳው መቆየት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ዘነበወርቅ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። እኔም ክንዴን አሳያለሁ፤ ቀድሜ ደርሼ ካርድ አወጣለሁ። ወረፋው ላይ የሚያውቅሽ ሰው ቢያጋጥምሽ ወንድሜን ላሳክም መጣሁ በዪ። እኔም ከትናንት ወዲህ የሚዘጋብኝ ቢሮ የለኝም።

ራኬብን አትቆጫት። ድስቱን ስታነሳም ዝም በያት።

ያሳደገን አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ጓዳሽን አያጉድልብሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ሁለቱንም እጆችሽን እስማለሁ፤ ግራውን አስቀድሜ።

ታናሽ ወንድምሽ